ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታሪክ ጸሐፊ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 8 የንጉሥ ዳዊት ሹማምንት ስም በሚቆጠርበት ስፍራ፥ ከሠራዊቱ አለቃ ከኢዮአብና ከካህኑ ከሳዶቅ ጋራ የአሒሉድ ልጅ ኢዮሣፍጥ ታሪክ ጸሐፊ እንደ ነበረ ተጽፎ እናገኛለን። ከሹመቱ ስም እንደምንረዳው፥ ይህ ሰው ጦር የሚመራ ወይም ግብር የሚሰበስብ አልነበረም፤ ሥራው የተደረገውን ጽፎ ማቈየት ነበረ። በመጽሐፈ አስቴርም ንጉሡ እንቅልፍ አጥቶ ባደረበት ሌሊት የዘመኑን የታሪክ መጽሐፍ አስመጥቶ ባስነበበ ጊዜ፥ መርዶክዮስ ነፍሱን ከገዳዮች እንዳዳነለትና ለዚህም ምንም ዋጋ እንዳልተከፈለው አገኘ። ያ መጽሐፍ በቤተ መንግሥቱ ባይኖር ወይም ጸሐፊው ያን ነገር ሳይጽፈው ቢቀር ኖሮ፥ ማልዶ የመጣው ሐማ የልቡን ፈጽሞ በሄደ ነበር።

ይህን ያነሣነው የጥንቱን ለመተረክ አይደለም። ዛሬ በታላላቆቹ መንግሥታት ዘንድ፥ በንጉሥ አደባባይ ሳይሆን በተራ መሥሪያ ቤት ውስጥ፥ ይልቁንም ሌላውን በሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት ውስጥ፥ ደመወዝ ተቈርጦለት የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ ስለማንለው ነው። መድኃኒትን የሚመረምር፥ ባንክን የሚጠብቅ፥ የአቶም ኃይልን የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት ታሪክ ጸሐፊ ምን ያደርግለታል? መሐንዲስና የሕግ ዐዋቂ አይበቃውምን? የመንግሥት ገንዘብ የሚያወጣ ሹም ሁሉ ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኛ መልሱን በአንድ ምሳሌ ለማሳየት የአሜሪካን የኑክሌር ተቈጣጣሪ ኮሚሽን መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታትና ወራት፥ ስለ አገራችን ካልሆነ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የአሜሪካ መንግሥት የአቶም ኃይል ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በ1954 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል ለዚህ መሥሪያ ቤት ሁለት ሥራ በአንድ እጅ ተሰጠው፤ አንደኛው የአቶምን ኃይል በነጋዴዎች ዘንድ ማስፋፋት፥ ሁለተኛው እነዚያኑ ነጋዴዎች መቈጣጠር። ገበያውን የሚያሟሙቀውና ሚዛኑን የሚመረምረው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህ አኗኗር 20 ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ሕዝብም የሕዝብ እንደራሴዎችም እምነት ስላጡበት፥ በ1974 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ፈረሰ፤ የመቈጣጠሩ ሥራ ብቻውን ተለይቶ በጥር ወር 1975 ዓ.ም. የኑክሌር ተቈጣጣሪ ኮሚሽን ተብሎ ተጀመረ።

አሮጌው ኮሚሽን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ሪቻርድ ሂውሌት የሚባሉ ታሪክ ጸሐፊ ነበሩት። አዲሱም ይህን ልማድ አልተወም። ዶክተር ጆርጅ ማዙዛንና ዶክተር ሳሙኤል ዎከር የቁጥጥሩን አጀማመር ከ1946 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ ጽፈው በ1984 ዓ.ም. አወጡ። ዶክተር ዎከር ተከታዩን ዘመን እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ ያለውን በ1992 ዓ.ም.፥ ስለ ጨረር መጠን ክርክር በ2000 ዓ.ም.፥ በሥሪ ማይል አይላንድ ስለ ደረሰው አደጋ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. አሳተሙ። ከእርሳቸው በኋላ ሹመቱን የያዙት ዶክተር ቶማስ ዌሎክ የአደጋ ግምት እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንዳደገ የሚናገረውን መጽሐፍ በ2021 ዓ.ም. አወጡ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ እነዚህን መጻሕፍት ያተመው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሳይሆን የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ማተሚያ ቤት ደግሞ ረቂቁን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ባሉ ሊቃውንት ሳያስመረምር አያትምም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እንጀራውን የሚበላለትን ጌታ ማን በእውነት ይመሰክርበታል? የእኛው የታሪክ መጻሕፍት ይህን ጥርጣሬ ያጸኑታል። ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ ነበር፤ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ከሞታቸው በኋላ ጻፉ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው፥ ስለ አንድ ንጉሥ እንደ ተጻፉ እስኪጠራጠር ድረስ ልዩነታቸው ይታየዋል። የፊተኛው ጸሐፊ ዋሹ ማለታችን አይደለም፤ ዳሩ ግን በቤት ያለ ሰው የሚያየውና የሚያልፈው ነገር አለው።

እንግዲህ የአሜሪካኖቹ ጸሐፊዎች ምን ጻፉ? ለዚህ የ1957ቱን ጥናት እናንሣ። በዚያ ዓመት አሮጌው ኮሚሽን፥ በአንድ የአቶም ማመንጫ እጅግ የከፋ አደጋ ቢደርስ ምን ያህል ሕዝብ ሊጐዳ እንደሚችል አስጠንቶ አሳተመ። ቍጥሩ እስከ 3,400 ሙታንና እስከ 43,000 ቍስለኞች ደረሰ። ማመንጫዎቹ እየተለቁ ስለ ሄዱ በ1964ና በ1965 ዓ.ም. ጥናቱ እንደ ገና ሲታደስ፥ የሙታኑ ግምት እስከ 45,000 ከፍ አለ። ሹሞቹም ደነገጡ። ይህ ቢወጣ ሕዝቡ ይሸበራል፥ ሥራውም ይሰናከላል ብለው አዲሱን ጥናት ሳያሳትሙ ዘጉበት፤ እስከ 1973 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቈየ። ይህን ነገር ሰነዱን ከመዝገብ ቤት አውጥተው በዝርዝር ከጻፉት ሰዎች አንዱ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ያጠፉትን ሹሞች አልረገሙም፤ ያጠፉትንም አልሸፈኑም። ሹሞቹ ፈርተው የነበረው ምን እንደ ሆነና ያ ፍርሃት ኋላ ምን ያህል እምነት እንዳሳጣቸው አሳይተዋል። እንደ እኛ አስተያየት በቤት ያለ ጸሐፊ ከውጭ ካለው የሚበልጠው በዚህ ነው፤ የውጭው ሰው የተደበቀውን ወረቀት ቢያገኝ ቀባሪዎቹ ሁሉ ክፉዎች ይመስሉታል፤ የውስጡ ግን ከወረቀቱ አጠገብ ያለውን ሌላውን ወረቀትም ያነባል።

ሆኖም ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሆነው የሥሪ ማይል አይላንድ ነገር ነው።

በፔንስልቫንያ ግዛት በሃሪስበርግ ከተማ አጠገብ፥ በሳስከሃና ወንዝ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የአቶም ማመንጫ ነበረ። ማርች 28 ቀን 1979 ዓ.ም. ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ወደ እንፋሎት ማምረቻው ውኃ የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ። የአቶሙ ምድጃ ወዲያው በራሱ ጠፋ፤ ብዙ ግፊት እንዳይኖር የሚያስተነፍሰው ቫልቭም እንደ ደንቡ ተከፈተ። ነገር ግን መልሶ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። በመቈጣጠሪያው ክፍል ያለችው መብራት የምታሳየው ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ በእውነት መዘጋቱን አልነበረም፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ተዘግቷል ብለው አመኑ። ውኃው ግን ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያ ቀዳዳ ይፈስ ነበር። ይባስ ብሎ አንደኛው መለኪያ ውኃው ሞልቷል ስላላቸው፥ ለአደጋ ጊዜ በራሱ የሚገባውን የማቀዝቀዣ ውኃ በገዛ እጃቸው ቀነሱት። በዚህም ምክንያት የምድጃው ውስጥ እኩሌታ ያህሉ ቀለጠ። ይህ መሆኑ እንኳ በርግጥ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ምድጃው ተከፍቶ በታየ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ ቢሆን ኖሮ፥ ሰው ሁሉን አያውቅም ተብሎ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ከ18 ወር በፊት፥ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1977 ዓ.ም.፥ በኦሃዮ ግዛት ዴቪስ ቤሲ በሚባለው ማመንጫ ያው ዐይነት ቫልቭ እንዲሁ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። ሠራተኞቹም በዚያው መለኪያ ተታልለው በዚያው መንገድ ውኃውን ቀንሰው ነበር። ማመንጫው ይሠራ የነበረው ከኃይሉ ከመቶ 9 እጅ ብቻ ስለ ነበረና ቫልቩም ፈጥኖ ስለ ተገኘ ጕዳት ሳይደርስ ቀረ። ማመንጫውን የሠራው ኩባንያ አንድ መሐንዲስ በፌብርዋሪ 1978 ዓ.ም. ማስታወሻ ጽፎ፥ ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ስሕተት እንዳይደግሙ ለማመንጫዎች ሁሉ መመሪያ ይላክ ብሎ አሳሰበ። መመሪያው ሳይላክ ማስታወሻው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ቈየ። በተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ውስጥም የዴቪስ ቤሲን ነገር ያልተወ አንድ መርማሪ ነበረ፤ አለቆቹ አልሰሙት ቢሉ በመጨረሻ ከኮሚሽነሮቹ ሁለቱን አግኝቶ አስረዳ። ይህ የሆነው ከአደጋው አንድ ሳምንት ሳይሞላ አስቀድሞ ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ዕውቀቱ ነበረ፤ በወረቀት ተጽፎ፥ ቀንና ፊርማ ኖሮት፥ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር። የጐደለው፥ ትናንት በአንድ ስፍራ የሆነውን ዛሬ በሌላ ስፍራ ላለው ሰው የሚያስታውስ ሰው ነው። ፕሬዚደንት ካርተር ያቋቋሙትና በሒሳብ ሊቁ በጆን ኬሜኒ የሚመራው መርማሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 1979 ዓ.ም. ባቀረበው ዘገባ፥ ዋናው ጕድለት ከመሣሪያው ይልቅ በሰዎችና በአሠራራቸው መሆኑን ገለጠ። ከዚያም በኋላ በየማመንጫው የሚሆነውን እየሰበሰበ የሚመረምር ክፍል በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቋቋመ፤ የማመንጫ ባለቤቶቹም ለዚሁ የሚሆን የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ያ ክፍል የወራትን ነገር ያስታውሳል፤ ታሪክ ጸሐፊው ግን የትውልድን ነገር ያስታውሳል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ዶክተር ዎከር ይህን አደጋ ሲጽፉ የገዛ መሥሪያ ቤታቸውን አልማሩም። በአደጋው ሦስተኛ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሊቃውንት፥ በምድጃው ላይ የተጠራቀመው የኃይድሮጂን ጋዝ ከኦክሲጅን ጋራ ተቀላቅሎ ሊፈነዳ ይችላል ብለው አስልተው ነበር። ወሬው ለሕዝብ ደረሰ። የግዛቲቱ አገረ ገዥ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከማመንጫው እስከ 5 ማይል ካለው ስፍራ እንዲርቁ አስቀድመው መክረው ነበርና፥ በእነዚያ ቀኖች 140,000 ያህል ሰው ቤቱን ጥሎ ሄደ። አፕሪል 1 ቀን ፕሬዚደንቱ ማመንጫውን ለመጐብኘት በመጡበት ዕለት ስሌቱ ስሕተት መሆኑ ታወቀ፤ በዚያ ውስጥ ሊያፈነዳ የሚችል ኦክሲጅን አልነበረም። የኮሚሽነሮቹ ስብሰባ በድምፅ ይቀረጽ ስለ ነበረ፥ ማን ምን እንዳለና ማን እንደ ተጠራጠረ ሁሉ ለታሪክ ተርፏል። ተቈጣጣሪዎች በጭንቅ ሰዓት የሚናገሩት ቃል ሳይታረም ሲነበብ ለሚያነበው ሹም ሁሉ ያስፈራል፤ ሆኖም በወንበራቸው የሚቀመጥ ሰው ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም።

የታሪክ ጸሐፊው ሥራ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ታላቅ ነገር አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንድ የሕግ ዐዋቂ ወይም አንድ ወጣት መሐንዲስ መጥቶ፥ «ይህ ደንብ ለምን ወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ በአሜሪካ አገር በአቶም ማመንጫ ዙሪያ እስከ 10 ማይል ድረስ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን የመሸሻ ዕቅድ እንዲዘጋጅ ደንቡ ያዛል። ለምን 10 ሆነ? 5 ወይም 20 ለምን አልሆነም? ቍጥሩ ከሰማይ አልወረደም፤ በ1978 ዓ.ም. ሁለት መሥሪያ ቤቶች ባንድነት ባጠኑት ጥናት ላይ ተመሥርቶ፥ ከሥሪ ማይል አይላንድ አደጋ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ደንብ ሆነ። ያን ጊዜ የታሰበው ትልቁ ማመንጫ ነበረ። አሁን ግን ትናንሽ ማመንጫዎች እየታሰቡ ስለ ሆነ ኮሚሽኑ በ2023 ዓ.ም. ስፋቱ እንደ ማመንጫው መጠን እንዲወሰን ፈቀደ። ደንቡ እንዴት እንደ ተወለደ የሚያውቅ ሰው፥ ሲለወጥ የትኛው ምክንያት እንደ ቀረና የትኛው እንደ ጸና ለይቶ ሊናገር ይችላል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለው የአባቶች ቃል ለመሥሪያ ቤት ደንብም ይሠራል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በሜይ 23 ቀን 2025 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚደንት የኑክሌር ተቈጣጣሪው ኮሚሽን አሠራር እንዲለወጥ ትእዛዝ ፈረሙ። በትእዛዙ መሠረት አዲስ ማመንጫ ለመሥራት የሚቀርብ ጥያቄ ከ18 ወር በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ውሳኔ እንዲያገኝ፥ የመሥሪያ ቤቱም ደንቦች ባንድነት እንዲታደሱ ታዘዘ። የታቀደውም በ2024 ዓ.ም. 100 ጊጋዋት ያህል የነበረውን የአቶም ኃይል በ2050 ዓ.ም. ወደ 400 ለማድረስ ነው። በጁን ወር ደግሞ ከኮሚሽነሮቹ አንዱ ከሹመታቸው ተሻሩ። አንዳንዱ ይህን የዘገየውን ሥራ ማፋጠን ይለዋል፤ ሌላው የመቈጣጠሩን ነጻነት መንካት ይለዋል።

እኛ በዚህ ክርክር ውስጥ ፈራጅ ለመሆን አንሻም፤ ነገር ግን ከትእዛዙ አንድ ነጥብ ከጉዳያችን ጋራ ስለሚገናኝ ሳናነሣው አናልፍም። ትእዛዙ ስለ ጨረር መጠን የቈየው መሠረተ ሐሳብ እንደ ገና እንዲመረመር ይላል። ያ ሐሳብ፥ ጨረር ጥቂትም ቢሆን በመጠኑ ልክ ጕዳት አለው ብሎ መገመት ይገባል የሚል ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ የቀረበለትን አቤቱታ ኮሚሽኑ በ2021 ዓ.ም. መርምሮ ሳይቀበለው ቀርቶ ነበር። የዶክተር ዎከር የ2000 ዓ.ም. መጽሐፍ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ከመጽሐፉ የምንማረው፥ በ1950ዎቹ ዓመታት ከቦምብ ሙከራ በሚወርደው አመድ ምክንያት ክርክር በተነሣበት ጊዜ፥ የዘር ሊቃውንት በ1956 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ ጥቂቱም ጨረር ለመጪው ትውልድ ሊተርፍ ይችላል ማለታቸውን፥ የመጠኑም ወሰን ከሳይንስ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ሊሸከመው ይገባል ከተባለው የአደጋ ልክ ጋራ ተመዝኖ የተወሰነ መሆኑን ነው። እንግዲህ ሐሳቡን ለመለወጥ የሚፈልግም ለማጽናት የሚፈልግም መጀመሪያ ይህን ማንበብ አለበት። ሳይነበብ በ18 ወር ውስጥ የሚለወጥ ደንብ፥ ምናልባት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትክክል የሚሆነው ግን በአጋጣሚ ነው።

የታሪክ ጸሐፊው ድካምም የሚታየው በዚህ ነው። እርሱ ውሳኔ አይሰጥም፤ ማኅተም የለውም፤ ሹሙ መጽሐፉን ከመደርደሪያው ሳያነሣ ቢቀር ሊያስገድደው አይችልም። በችኰላ ዘመን መጀመሪያ ትርፍ ሆኖ የሚታየው የእርሱ ወንበር ነው።

ይህ ነገር ስለ ሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። አገራችን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት አባል ሆናለች። በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. እንደ እኛ አቈጣጠር፥ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተመረቀ በወሩ ውስጥ፥ በኢትዮጵያ የአቶም ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ከሩስያ መንግሥት የአቶም ድርጅት ጋራ በሞስኮ ተፈርሟል። ከጨረር የመጠበቅ ሥራ በአገራችን ከዚህ ቀደም የነበረ ቢሆንም፥ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ስሙና ማደሪያው ከአንድ ጊዜ በላይ ተለውጧል። መሥሪያ ቤት ከሌላ ጋራ በተቀላቀለና ቤት በለወጠ ቍጥር መዝገቡ ምን እንደሚሆን፥ በመንግሥት ሥራ የቈየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወንበሩና ጠረጴዛው ተቈጥሮ ርክክብ ይደረግበታል፥ ፋይሉ ግን በጆንያ ታስሮ ከደረጃ ሥር ይከተታል።

ስለዚህ የአቶም ኃይልን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት ሲደራጅ፥ ከመሐንዲሱና ከሕግ ዐዋቂው ጋራ አንድ ታሪክ የተማረ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢቀጠር ወጪው ከአንድ አውቶሞቢል ዋጋ የሚበልጥ አይመስለንም። ይህ ሰው የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ሲያስቀምጥ የጸደቀውን ብቻ ሳይሆን ያልጸደቀውንም ሐሳብ፥ የተናገረውን ሰው ስምና ምክንያቱን ጭምር ይመዝግብ። የማመንጫው ስፍራ ሲመረጥ የተተዉት ስፍራዎች ለምን እንደ ተተዉ ይጻፍ። ደንብ ከውጭ አገር ሲወሰድ ከየትኛው አገር፥ በየትኛው ዓመት፥ ለምን ዐይነት ማመንጫ ከተሠራው እንደ ተወሰደ በኅዳጉ ይታከልበት። ጽሕፈቱም ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ይታይ እንጂ በአለቃው እጅ አይታረም፤ አለቃው የማይስማማበት ነገር ቢኖር የራሱን ቃል ከፊርማው ጋራ ከሥር ይጨምርበት። በ1978 ዓ.ም. ያ መሐንዲስ የጻፈው ማስታወሻ ከሁለት ገጽ የሚበልጥ አልነበረም።